ብርቅ ማለት ስንት ነው?

ባለፈው ግንቦት 1 ቀን በልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቅ አንድ ሰፈር፣ የልደታን በዓል ከጎረቤቶቼ ጋር አከበርሁ። እንደ ወጉ ከቤት ውጭ ከዛፍ ሥር ተሰብስበን፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ቡናው በመፈላት ላይ ሳለ ርግቦች ከየጣራው እየወረዱ መሬት ላይ የወደቀውን ንፍሮ ይለቅሙ ጀመር። አንድ ልጅ ጠጠር አንሥቶ ሊያባርራቸው ሲቃጣ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ «ተው! ያቺ ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ርግብ እኮ ብርቅዬ ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም» አልሁት።

ልጁ ጠጠሩን ጣለ። ነገር ግን ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እማማ ከት ብለው ሳቁብኝ። «ጣራዬን ያበላሸችው ርግብ ናት ብርቅ? ብርቅማ ፈልገው የማያገኙት ነገር ነው እንጂ! ይህችንማ ጧት ማታ በመጥረጊያ ነው የማባርራት። እስቲ አንተ የተማርኸው ንገረኝ፤ አንድ ነገር ብርቅ ለመባል ስንት መሆን አለበት?» አሉኝ።

የምረቃ ካባዬን ካወለቅሁ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላኝ ሰው ነኝና መልስ ይኖረኛል ብለው ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። መልስ አልነበረኝም። ሲኒዬን አንሥቼ ዝም አልሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣም፤ መጻሕፍትም ባገላበጥሁ ቍጥር ጥያቄው የሊቃውንትም ጥያቄ መሆኑን ተረዳሁ። ዛሬ ለአንባቢያን ማቅረብ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። በቋንቋችን «ብርቅ» የምንለው እምብዛም የማይታየውን፣ ስለዚህም የሚደነቀውንና የሚወደደውን ነገር ነው። ከዚሁ ቃል የወጣው «ብርቅዬ» ግን በመንግሥት ጽሑፎችና በጉብኝት መጻሕፍት ውስጥ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። «ብርቅዬ የዱር እንስሳት» ሲባል በአገራችን ብቻ የሚገኙ ማለት ነው። እንግዲህ እማማ የተናገሩት ስለ መጀመሪያው ነው፤ እኔ የተናገርሁት ስለ ሁለተኛው ነው። ሁለታችንም እውነት ተናግረናል፤ ዳሩ ግን አንድ ቃል ይዘን ስለ ሁለት ነገር ስንነጋገር አልተገናኘንም። ይህ በቡና ላይ ሲሆን የሚያስቅ ጨዋታ ነው። በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ሲሆን ግን አንድን ዛፍ፣ አንድን ሜዳ፣ አንዳንድ ጊዜም አንድን የፍጥረት ዐይነት እስከ ዘለዓለሙ ሊያጠፋ ይችላል።

ነገሩን በሚገባ ከለዩት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ የዕፀዋት ተመራማሪ ዴቦራ ራቢኖዊትዝ ናት። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ባወጣችው ጽሑፍ ብርቅነት አንድ ነገር ሳይሆን ሰባት ዐይነት መሆኑን አስረዳች። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ የሆነውን ለብቻው አመለክታለሁ።) ዘዴዋ ማንም ተማሪ በቀላሉ የሚይዘው ነው። ስለ አንድ ዝርያ ሦስት ነገር ጠይቁ ትላለች። አንደኛ፣ የሚገኝበት አገር ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ሁለተኛ፣ በብዙ ዐይነት ቦታ ይኖራል ወይስ አንድ ዐይነት ቦታ ብቻ ይመርጣል? ሦስተኛ፣ በሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ ስላለው ሦስቱ ሲዳመሩ ስምንት ሣጥን ይወጣል። ከስምንቱ አንዱ ብቻ፣ ይኸውም አገሩ ሰፊ፣ ቦታ የማያማርጥና በየቦታው የበዛው ዝርያ፣ በምንም መንገድ ብርቅ ሊባል አይችልም። የቀሩት ሰባቱ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ብርቅ ናቸው።

ይህን ሣጥን በአገራችን ፍጥረቶች እንሙላው። ጭላት በአፍሪካ ምድር ሰፊ ክፍል ይገኛል፤ ከተማም ገጠርም ይስማማዋል፤ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበውም ብዙ ነው። እርሱ በማናቸውም መለኪያ ብርቅ አይደለም። ነብር ደግሞ ከአፍሪካ እስከ እስያ ይገኛል፤ በጫካም፣ በተራራም፣ በቆላም ይኖራል፤ ነገር ግን አዳኝ ስለ ሆነ በየደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። አገሩ ሰፊ ሆኖ ሳለ ራሱ ብርቅ ነው። ፍላሚንጎ በአብያታ ሐይቅ ዳር ሲሰፍር ዳርቻውን ሐምራዊ እስኪያስመስለው ድረስ ይበዛል፤ የሚገኝበት አገርም ሰፊ ነው። ዳሩ ግን የሚስማማው ጨውማ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለ ሆነ፣ አብያታ እንደሆነው ሁሉ ሐይቁ ሲሸሽ እርሱም መሄጃ ያጣል።

የባሌው ቀይ ቀበሮ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው። በመላው አገር የቀሩት 500 ያህል ናቸው፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ከዛፍ ወሰን በላይ ያለውን ብርዳም ደጋ እንጂ ሌላ ቦታ አይወዱም። ሆኖም በባሌ በዌብ ሸለቆ በደኅና ዘመን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከአንድ የሚበልጥ ቀበሮ ይገኝ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ አዳኝ ይህ ብዙ ነው። አንድ የሸለቆው እረኛ «ቀበሮ ብርቅ ነው» ቢባል እንደ ልደታዋ እማማ መሣቁ አይቀርም። ዋልያን የተመለከትን እንደ ሆነ ግን ሦስቱም መልስ በአንድ ላይ ይገጥሙበታል። አገሩ ጠባብ ነው፤ መኖሪያው የሰሜን ገደል ነው፤ ቍጥሩም ጥቂት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት 150 ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር።

የልደታዋስ ርግብ? አገሯ ጠባብ ነው፤ በዚያ ጠባብ አገር ግን በገደልም፣ በቤተ ክርስቲያን ጣራም፣ በፎቅ ሰገነትም ትኖራለች፤ በብዛትም ትገኛለች። በዚያኑ ቀን ከእርሷ ጋር ንፍሮ ይለቅሙ ከነበሩት ውስጥ ዐይናቸው ዙሪያ ቀይ፣ ክንፋቸው ነጠብጣብ የሆነ ሌሎች ርግቦች ነበሩ። እነዚያ በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የተስፋፉ ናቸው። ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ጣራ ላይ አብረው ያድራሉ፤ በልደታ ቆሞ ለሚቈጥር ሰው ሁለቱም ብዙ ናቸው። የአንደኛዋ የዓለም ድርሻ በሙሉ በእኛ እጅ መሆኑን ግን ከልደታ ላይ ብቻ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ካርታ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ነገር እናንሣ። በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ ፍጥረቶች ማኅበር አላቸው ለማለት ይቻላል። በአንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጽዱ፣ ወይራው፣ ርግቡ፣ ቁራው፣ ጋጋኖው፣ ጉንዳኑ ሁሉ እየተበላሉም እየተረዳዱም ይኖራሉ። በዚህ ማኅበር ውስጥ ማን ብዙ፣ ማን ብርቅ እንደ ሆነ እንዴት ይለካል?

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። አንድ ተማሪ ማለዳ ተነሥቶ ከአንድ አጸድ ውስጥ ቆሞ ያያቸውን የመጀመሪያዎቹን 100 ወፎች መዘገበ። በደብተሩ 16 ዝርያ ተገኘ። ከ16ቱ የአንዱ 40፣ የሁለተኛው 22፣ የሦስተኛው 12 ወፎች ናቸው። ከዚያ 6፣ 4 እና 3 ወፍ ያላቸው ሦስት ዝርያዎች፣ እንዲሁም ሁለት ሁለት ወፍ ብቻ የታየላቸው ሦስት ዝርያዎች ይከተላሉ። የቀሩት ሰባት ዝርያዎች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ታዩ። ቍጥሮቹ ለማስረጃ የተሰጡ ናቸው፤ መልካቸው ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ወፍም ቢቈጠር፣ ዛፍም ቢቈጠር፣ ቢራቢሮም ቢቈጠር ነገሩ ዘወትር ይህን ይመስላል። ከመቶው 74ቱ የሦስት ዝርያ ልጆች ሲሆኑ፣ ከዝርያዎቹ ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የታዩ ናቸው። በፍጥረት ማኅበር ውስጥ ብዙዎቹ ወፎች የተለመዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ግን ብርቅ ናቸው።

እዚህ ላይ «ብርቅ» የሚለውን ስም ለየትኛው እንስጥ? እንግሊዛዊው ሊቅ ኬቪን ጋስተን በ1994 ስለዚሁ ጉዳይ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀላል ደንብ አቅርቧል። ዝርያዎቹን ከብዙ ወደ ጥቂት በተራ አሰልፋችሁ ከታች ያለውን ሩብ ብርቅ በሉት ይላል። ደንቡ አንድን ቦታ ከሌላው ለማመዛዘን ይረዳል። በእኛ ምሳሌ ግን የ16 ሩብ አራት ነው፤ አንድ አንድ የታዩት ደግሞ ሰባት ናቸው። ከሰባቱ የትኞቹን አራት እንምረጥ? ደንቡ መልካም አገልጋይ ነው እንጂ ጌታ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ተማሪያችን ያላያቸው ስንት ናቸው?

በ1943 የታተመ አንድ ዝነኛ ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። እንግሊዛዊው ኮርቤት በማላያ ያሉ ቢራቢሮዎችን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ 118 ዝርያ አንድ አንድ ቢራቢሮ ብቻ፣ 74 ዝርያ ሁለት ሁለት፣ 44 ዝርያ ሦስት ሦስት ተገኝተው ነበር። ሰብሳቢው ይህን ቍጥር ወስዶ ሮናልድ ፊሸር ከተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ ዘንድ ቀረበ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በብርቅ ፍጥረቶች ላይ የሚሠራው ሒሳብ መሠረት ያዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ በሙያው የመስታወት መሐንዲስ የነበረው ፍራንክ ፕሬስተን ስለ ዝርያዎች መብዛትና ብርቅነት ጽፎ አንድ ጥሩ ምሳሌ ሰጠን። ቈጠራችን ሁልጊዜ መጋረጃ አለበት ይላል። ከመጋረጃው በፊት የቆሙት የተለመዱት ናቸው፤ እጅግ ብርቅ የሆኑት ከመጋረጃው በስተኋላ ናቸው። ቈጠራው በጨመረ መጠን መጋረጃው እየተገለጠ ተሸሽገው የነበሩት አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ከመጋረጃው በስተኋላ ስንት እንዳሉ መገመትም ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ የታዩት የመጋረጃው ጫፍ ናቸውና ከእነርሱ ላይ ይነበባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላትን ምስጢር ጽሕፈት ይፈቱ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ አለን ቱሪንግ ያሰበውን፣ ባልደረባው ጉድ በ1953 ለሕዝብ ገለጠው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ከቈጠርኸው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩትን ብዛት ለጠቅላላው ቍጥር አካፍል፤ ድርሻው ቀጥሎ የምታየው አዲስ ዝርያ የመሆኑን ዕድል ይነግርሃል። በእኛ ምሳሌ ከ100 ወፍ 7 ዝርያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ታየ፣ 101ኛው ወፍ ፈጽሞ ያልተመዘገበ የመሆን ዕድሉ ከመቶ ሰባት ነው። የታይዋኗ ሊቅ አን ቻው ደግሞ በ1984 ሌላ ቀላል ስሌት ሰጠች። አንድ ጊዜ የታዩትን ዝርያዎች ብዛት በራሱ አባዛ፤ ሁለት ጊዜ የታዩትን በሁለት አባዝተህ በዚያ አካፍል። በአጸዱ ምሳሌ 7 ጊዜ 7፣ 49፤ ይህ ለ6 ሲካፈል 8 ያህል ነው። ተማሪያችን 16 ዝርያ አይቶ ቢያንስ 8 ያህል ሳያይ ወደ ቤቱ ሄዷል ማለት ነው። የማላያውን ቢራቢሮ በዚሁ መንገድ ብንሞክረው 118 ጊዜ 118፣ 13,924፤ ይህ ለ148 ሲካፈል 94 ያህል ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ቢያንስ 94 ዝርያ ከመጋረጃው በስተኋላ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ አለመታየት አለመኖር አይደለም። ለዚህ ከአገራችን የሚበልጥ ምስክር የለም። በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ምርምር ያደርጉ የነበሩ ሰዎች ከመንገድ ላይ ሞቶ ከተበላሸ አንድ የሌሊት ወፍ ዘር፣ ማለት በጨለማ ከሚያድን የወፍ ወገን፣ አንድ ክንፍ አነሡ። ክንፉ ከሚታወቁት ከየትኞቹም ጋር አልገጠመም። በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ ዝርያው በሳይንስ ተመዘገበ፤ የላቲን ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» የሚለውን ሐሳብ ይዟል። አንድ ሙሉ ዝርያ በአንድ ክንፍ ታወቀ! ያን ክንፍ አጎንብሶ የሚያነሣ ሰው ባይኖር ኖሮ በነጭ ሳር «ያልታየ» ይባል የነበረ ፍጥረት ነው። ጋጋኖ እየጮኸ ስለሚበር ማንም ይቈጥረዋል፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት በዝምታ የሚበረውን ግን ቀን ላይ ብቻ የሚቈጥር ሰው ብርቅ ያደርገዋል። ብርቅነት አንዳንዴ የፍጥረቱ ጠባይ ነው፤ አንዳንዴም የቈጣሪው ስንፍና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብርቅ የሆነ ሁሉ በመጥፋት ላይ ነው ማለት አይደለም፤ የበዛ ሁሉም ደኅና ነው ማለት አይደለም። ነብር ከጥንት ጀምሮ ጥቂት ሆኖ ኖሯል። በሰሜን አሜሪካ ግን ሲበር ፀሐይን ይጋርድ የነበረ በቢሊዮን የሚቈጠር የርግብ ዝርያ ነበር። እንዲህ ያለው ያልቃል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ባቡርና ቴሌግራፍ አዳኞችን ወደ ማደሪያው እያደረሱ፣ ሥጋው በርካሽ እየተሸጠ፣ ደኑም እየተመነጠረ የመጨረሻዋ ርግብ መስከረም 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት መናፈሻ ሞተች። የእኛዋን ርግብ ጣራችንን ስላበላሸች ብቻ «ብዙ ናት» ብለን የምንንቅ ሰዎች ይህን ታሪክ ማስታወስ ይገባናል።

ከአገራችን ደግሞ በነጌሌ ቦረና አጠገብ ያለውን የሊበን ሜዳ እናስታውስ። በዚያ ሜዳ ላይ በ1968 የተገኘችና በ1975 ለሳይንስ የተመዘገበች፣ ከሣር ውስጥ የምትኖር ትንሽ ወፍ አለች። ሜዳው በእርሻና በቍጥቋጦ እየተወረረ፣ ሣሩም በከብት ብዛት እየተጋጠ ስለ ሄደ፣ ከአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን የምትጠፋው የመጀመሪያዋ ወፍ እርሷ እንዳትሆን የዓለም የወፍ ሊቃውንት ሲፈሩላት ኖረዋል። ደግሞ የባሌን ቀይ ቀበሮ ተመልከቱ። በ2003 ከውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ሲገባ፣ በሽታው ከደረሰባቸው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ገደለ። ይህን ለማወቅ የተቻለው ከዚያ በፊት ዓመት ከዓመት ይቈጥሯቸው የነበሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። መጀመሪያውን ያልቈጠረ ሰው መጉደሉን ከየት ያውቃል? አንድ ቈጠራ ፎቶግራፍ ነው፤ ታሪክ የሚሆነው ቈጠራው ሲደጋገም ብቻ ነው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንምጣ፤ ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ እዚያ ናቸውና። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን ማኪያቶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስለዚሁ ብነግረው ፈገግ አለ። «በእጄ የሚያልፈው የግንባታ መዝገብ ሁሉ አንድ ዐይነት ዐረፍተ ነገር አለበት። ‘በአካባቢው ብርቅዬ ዝርያ አልታየም’ ይላል። እኔም እፈርማለሁ» አለኝ። «ማን ነው ያላየው? መቼ ነው ያላየው? ስንት ቀን ቆሞ ነው ያላየው?» ብዬ ብጠይቀው ፈገግታው ጠፋ። አንድም ቀን ጠይቆ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ወዳጄን ለመውቀስ አይደለም። በአገራችን በአካባቢ ላይ የሚደርሰውን ተጽዕኖ አስቀድሞ መገምገምን የሚያዝዝ አዋጅ ቍጥር 299 በ1995 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) ወጥቷል። ሕጉ አለ። ሕግ ግን የሚሠራው ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ሲያውቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ በጠረጴዛው ላይ የሚያርፍ ወጣት ሹም ጥቂት ጥያቄዎችን በልቡ ቢይዝ መልካም ነው። ቈጠራው የተደረገው በክረምት ነው ወይስ በበጋ? ከመስከረም በኋላ ከሰሜን የሚመጡ ወፎች በሐምሌ አይገኙም። ቀን ብቻ ነው ወይስ ሌሊትም ተቈጥሯል? የስም ዝርዝር ብቻ ነው የቀረበው ወይስ የእያንዳንዱ ብዛት ተጽፏል? አንድ ጊዜ ብቻ የታዩት ስንት ናቸው? እነርሱ ብዙ ከሆኑ መጋረጃው ገና አልተገለጠም፤ መዝገቡም «አልታየም» እንጂ «የለም» ማለት አይችልም። ከሁሉም በላይ፣ እዚህ ከበዙት ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የትኛው ነው? «ብዙ ነውና ግድ የለም» የሚለው ቃል የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ዶክተር መሆን አያሻም፤ ብዕሩን ከማሳረፍ በፊት አንድ አፍታ ማሰብ ብቻ ይበቃል።

ተማሪዎችስ? አገራችን ከ850 የሚበልጥ የወፍ ዝርያና 6,000 ያህል ዕፀዋት አላት። የዕፀዋቱን መጽሐፍ የማዘጋጀት ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 እስኪፈጸም ድረስ የአገርና የውጭ አገር ሊቃውንት ሠላሳ ዓመት ያህል ደክመውበታል። ስሙን የማወቁ ሥራ ይህን ያህል ከወሰደ፣ በየቦታው ስንት እንዳለ የማወቁ ሥራ ገና ሰፊ ነው። ነገር ግን በትልቅ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው 168 ዐይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። ዙሪያው በእርሻ በተራቆተ አገር፣ አባቶች «የእግዚአብሔር ቤት ጥላ» ብለው ያቆዩት አጸድ ለሳይንስም መዝገብ ቤት ሆኖ ተገኘ። በ28 ቦታ አንድ ዐይነት ቈጠራ ከተደረገ ደግሞ የትኛው ዛፍ በሁሉም አጸድ እንዳለ፣ የትኛው በአንድ አጸድ ብቻ እንደ ቀረ ይታወቃል። ይህም ሌላ የብርቅነት መለኪያ ነው።

በልደታም፣ በጉለሌም፣ በየካም አጸድ አለ። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዐይነት መንገድ መቈጠር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሰዓቱንና ቀኑን መጻፍ አይረሳ። ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ነውር ነው፤ ባዶ መስመርም ዕውቀት ነውና። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ተራ ሊመስል ይችላል። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ አጸዱ አጠገብ ፎቅ ከተሠራ ወይም ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ፣ «ምን ጠፋ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ያ ደብተር ብቻ ይመልሳል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ወደ እማማ ቤት ሄጄ ነበር። ጥያቄያቸውን እንዳልረሳሁ ነግሬ፣ «ብርቅ ለመባል ስንት መሆን አለበት ብለውኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ ‘ስንት’ ብቻውን አይበቃም። ‘የት የት’ እና ‘በምን ዐይነት ቦታ’ ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ‘ከአምናው ስንት ጎደለ’ም ካልተባለ መልሱ አይገኝም» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲህ በለኛ! በእኔ ጣራ ላይ የሞላችው ሌላ አገር ጣራ ላይ ስለሌለች ነው ብርቅ የሆነችው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጻሕፍቱ ውስጥ አላገኘሁም።

ወደ ጣራቸው ቀና ብዬ ስመለከት ርግቦቹ እንደ ወትሮው ተደርድረው ነበር። ማጅራታቸው ነጭ የሆኑትን ለይቼ ቈጠርኋቸው። ዐሥራ አንድ ነበሩ። ሰዓቱንና ቀኑን በደብተሬ ጻፍሁ። በሚመጣው ሳምንትም ተመልሼ እቈጥራለሁ።